ለአዛዥ መንበሩ የተጻፈ መሸኛ

ከሰባት ወንዝ ማዶ አንዲት አገር ነበረች። ስምም ነበራት፤ ነገር ግን ስሟን በአደባባይ የጠራ ሰው «በምን ስሜት ነው የጠራኸው?» ተብሎ ቃሉን ለጸሐፊ ይሰጥ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ «አገራችን» ብሎ ማለፍን ለመደ። እኛም እንደነሱ ብለን እንለፍ።

በዚያች አገር ረጅም የጠብ ዘመን ሆነ። ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ ሰው ከገበያ ተወስዶ ሳይመለስ ቀረ። ጠቡ ሲበርድ ንጉሡ ከሰገነቱ ቁልቁል ቢያይ፣ ሕዝቡ በመንገድ ሲተላለፍ ዓይን ለዓይን አይተያይም። ይህ ደግሞ ለበዓል ሰልፍ አያምርም። ስለዚህ «ከአምስት ዓመት በኋላ በአገሬ ላይ አንድም ቂም እንዳይገኝ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ቂሙንም የሚያጠፋ የይቅርታ ጽሕፈት ቤት አቆመ። በጽሕፈት ቤቱ ላይ ሊቀ ዕርቅ ጎሹን ሾመበት። ጎሹ በዕድሜው ሙሉ ከማንም ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ሁልጊዜ የሚስማማው መጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር ነውና።

ጽሕፈት ቤቱ ሥርዓት አወጣ። በዳይ በከፍተኛ ወንበር ይቀመጣል፤ ሊዋረድ የመጣ ሰው ቢያንስ ወገቡ መደገፍ አለበት። ተበዳይ በዝቅተኛ ዱካ ይቀመጣል፤ ከፍ ካለ ይኮራል፣ የኮራ ሰው ደግሞ ይቅር አይልም። በዳይ ያደረገውን አይዘረዝርም፤ ዝርዝር ቁስል ይነካልና «በተፈጠረው ነገር» ብሎ ያልፋል። ተበዳይ «ይቅር ብያለሁ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ ከዚያ ጸሐፊው እስከ ዘጠኝ እስኪቆጥር ተቃቅፈው ይቆያሉ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው የአባቶች ተረት በከተማም በገጠርም እንዳይነገር ተከለከለ። አንድ ሽማግሌ ረስቶት በሰርግ ላይ ቢናገረው፣ ረስቶ ስለ አለመርሳት በመናገሩ ተቀጣ።

«ይቅር ብያለሁ» ማለት ያቃተው ሰው ደግሞ «ልቡ ጥሬ ነው» ተብሎ ወደ ልብ ማብሰያ ቤት ይላካል። እዚያ የጭንቅ አድማጮች አሉ። ሰባት ቀን ያዳምጡታል፤ ከዚያ «በስሏል» የሚል ማኅተም አትመው፣ መሸኛ ጽፈው ወደ ይቅርታ ጽሕፈት ቤት ይመልሱታል። እያንዳንዱ አድማጭ በወር አሥራ ሁለት የበሰለ ልብ የማስረከብ ግዴታ ነበረበት። ስለ መሸኛው የወጣው አዋጅ እንዲህ ይላል፦ «መሸኛ የተጻፈበት ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በተባለው ቀን በተባለው ቦታ ካልተገኘ ማዕረጉንና ርስቱን ያጣል።» «ማንም ይሁን ማን» የምትለውን ንጉሡ አላዘዘም፤ ጸሐፊው ለዓረፍተ ነገሩ ውበት ብሎ የጨመራት ናት። መሸኛ የሚጻፈው ማዕረግም ርስትም በሌላቸው ተበዳዮች ላይ ብቻ ስለነበር ማንም ልብ አላላትም።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ከበዳዮቹ ብዙዎቹ ሹማምንት ነበሩ። ሹም ደግሞ ሥራ አለበት፤ ማን ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል? ስለዚህ «ወኪል ይቅርታ ጠያቂ» የሚባል ሹመት ተፈጠረ። በዚህ ሹመት ላይ የተቀመጠው ይርዳው ይባላል፤ ታሪኩም የእሱ ነው።

ይርዳው ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት ሽንኩርት ነጋዴ ነበር። ጆንያ ሲፈታ፣ ጆንያ ሲቋጥር ዓይኑ ከእንባ ተለይቶ አያውቅም፤ ሽንኩርቱ ከሌለም ንፋስ ሲነካው ያነባል። አንድ ቀን ሊቀ ዕርቅ ጎሹ በገበያው ሲያልፍ አየውና፦

«ምን ሆነህ ነው?» አለው።

«ምንም» አለ ይርዳው ጉንጩን እየጠረገ።

«ምንም ሳትሆን እንዲህ ካለቀስክማ የእኛ ነህ» አለና በዚያው ሳምንት ቀጠረው።

ይርዳው ለሥራው የተፈጠረ ሆነ። ድምፁ ለስላሳ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ እንባው በሰዓቱ የሚወርድ። አንገቱ ላይ ተሸክሞ የሚቀርበው የይቅርታ ድንጋይ እንኳ ለጤናው ታስቦ ከሾላ እንጨት ተጠርቦ አመድ የተቀባ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ከአራት መቶ ለሚበልጡ በደሎች ይቅርታ ጠየቀ። ያላቃጠለውን ጎተራ አቃጠልኩ አለ፤ ያልነዳውን በሬ ነዳሁ አለ። ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ይተኛል። ነገር የመጣው በአምስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ነው።

በዚያ ሰሞን ከታችኛው ሸለቆ ወይዘሮ ዘርትሁን የሚባሉ ሴት ተጠሩ። ከአሥር ዓመት በፊት የሸለቆው ገዥ አዛዥ መንበሩ የመንደሩን ምንጭ ወደ አትክልት ቦታው አስጠልፎት ነበር። የዘርትሁን ልጅ ገላው ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ በገበያ መሐል ቆሞ «ውሃችን የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። በዚያው ቀን ከሦስት ሌሎች ሰዎች ጋር ተወሰደ፤ አልተመለሰም። በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ጉዳዩ «በስህተት የተፈጠረ መጉላላት» ተብሎ ሰፍሯል።

ዘርትሁን ዱካው ላይ ተቀመጡ። ይርዳው ድንጋዩን ተሸክሞ ገባ፤ ተንበረከከ፤ ተነሥቶ ከፍተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«በተፈጠረው ነገር ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ልቤ ተሰብሯል። ስለ ፈጣሪ ብለው ይቅር ይበሉኝ።» እንባው ወረደ።

ሴትዮዋ አተኩረው አዩት። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ገላውን የወሰድከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የት ቀበርከው?»

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ይህ ጥያቄ በሥርዓቱ ውስጥ የለም።»

«እኔ ሥርዓቱን አልጠየቅሁም፤ እሱን ነው የጠየቅሁት» አሉ ዘርትሁን ዓይናቸውን ከይርዳው ሳይነቅሉ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለኝ። ያጠፋ ሰው ያውቃል። ገደል ነው? ጫካ ነው? ወንዝ ወስዶታል? አውሬ እንዳያገኘው አፈር አልብሰኸዋል?»

ይርዳው አፉን ከፈተ። በአራት ዓመት ውስጥ «ለምን?» ብለው የጮሁበት ነበሩ፤ የተፉበትም ነበሩ። ለዚያ ሁሉ ሥርዓት ነበረው። «የት?» ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

«እኔ...» አለና ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«ስታውቅ ጥራኝ» አሉት ሴትዮዋ። ዱካውን በእጃቸው ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወጡ። ጸሐፊው «ልቧ ጥሬ ነው» ብሎ ጻፈና ወደ ልብ ማብሰያ ቤት ላካቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርዳው እህል አልወርድ አለው። ሲሄድ መሬት መሬት ያያል፤ አፈሩ እብጥ ያለበት ቦታ ሁሉ ያስቆመዋል። በማግስቱ ወፍጮው በሹም ትእዛዝ ለተቃጠለበት አንድ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ቀርቦ፣ «በተፈጠረው ነገር» ሊል ሲል አፉ «የት እንደቀበርኩት አላውቅም» አለ። ባለወፍጮው ከዱካው ላይ ብድግ ብሎ፦

«እኔ የተቃጠለብኝ ወፍጮ ነው! አንተ ማንን ነው የቀበርከው?» ብሎ ጮኸ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ታንጉት ጠበቀችው። «ምን ሆነህ ነው የምታቃስተው?»

«በተፈጠረው ነገር ልቤ...»

«ይርዳው፣ እሱን ለሥራህ ተወው። ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም አላደረግሁም።»

«እሱ ነዋ ያመመህ» አለችው። «ምንም ሳታደርግ አራት ዓመት ተናዘዝክ።»

ሊቀ ዕርቅ ጎሹ ወሬው ደርሶት ደነገጠ። የዓመቱ የበዓል ሰልፍ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቷል። «ወኪላችን ጥሬ ሆኗል፤ አብስላችሁ መልሱልን» የሚል ደብዳቤ አስይዞ ወደ ልብ ማብሰያ ቤት ላከው።

የተመደበችለት አድማጭ ስንዱ ትባላለች። ብዙ የማትናገር፣ ስትሰማ ራሷን ዘንበል የምታደርግ ሴት ናት። በክፍሏ ውስጥ ከፍተኛ ወንበር አልነበረም፤ ሁለት እኩል ዱካዎች ብቻ። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት የእንጨት ማኅተሞች ተቀምጠዋል፦ «በስሏል» እና «ጥሬ ነው»። ሁለተኛው አቧራ ለብሷል።

በመጀመሪያው ቀን ይርዳው ከልምድ የተነሣ ይቅርታ ጠየቃት። ዝም አለች። በሁለተኛውም ቀን ጠየቃት። ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን የሚጠይቀው ይቅርታ አለቀበት።

«አንዲት ሴት የማላውቀውን ነገር ጠየቁኝ» አላት።

«ምን ብለው?»

«የት ቀበርከው ብለው።»

የስንዱ ብዕር ቆመ። ይህን ጥያቄ ከጥቂት ቀናት በፊት እዚያው ዱካ ላይ ከጠያቂዋ ከራሳቸው አፍ ሰምታዋለች። ሆኖም በዚያ ክፍል የተነገረ ለሌላ አይነገርምና ዘርትሁንን አላነሣችም።

«ይህን ስታስብ የት ላይ ነው የሚያምህ?»

«እዚህ» አለ ጉሮሮውን ይዞ።

«ምን ቢሆን ይሻልሃል?»

«ባውቅ።»

«ብታውቅስ?»

«እነግራቸው ነበር። አልወሰድኩትም፤ ግን እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ። ሰው እኔ ነኝ ካለ በኋላ አላውቅም ይላል? ፊታቸው ከፊቴ አልጠፋ አለ።»

ስንዱ ብዕሯን አስቀመጠችና እንዲህ አለችው፦ «ይህ ሕመም ያንተ አይደለም። ባለቤቱ በልቶ ይተኛል፤ አንተ ታቃስትለታለህ። ለይቅርታው ወኪል ሆንክ፤ ሳታውቀው ለሕመሙም ወኪል ሆንክ።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒት የሚሰጠው ለታመመው ነው። የታመመው ደግሞ እዚህ ቤት መጥቶ አያውቅም።» ማኅተሙን አንሥታ በእጇ አገላበጠችው። «እኔም ብሆን ካንተ አልሻልም። አምስት መቶ ሰባ ስድስት ልብ ላይ በስሏል ብዬ አትሜያለሁ።»

«ከነሱ ስንቶቹ በስለው ነበር?»

«በጣቶቼ እቆጥራቸዋለሁ፤ ጣትም ይተርፈኛል።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አዋጅ ማንበብ ጀመረች። ስትገባም ስትወጣም የምታየው አዋጅ ነው፤ በዚያን ቀን ግን እንደ አዲስ አነበበችው። «ማንም ይሁን ማን» የምትለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ደግማ አነበበችው።

«ይርዳው፣ መሸኛ ከወዴት ወደ ወዴት እንደሚጻፍ እዚህ ላይ ተጽፏል?»

ይርዳውም ተነሥቶ አነበበ። «አልተጻፈም።»

«እንግዲህ አንድ ቤት እሄዳለሁ። የቤቱ እመቤት ካልፈለጉ ግን አንዲት ፊደል አልጽፍም።»

የማን ቤት እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱ ግን ገባው፤ ተከተላት። ሰባት ቀናቸውን ጨርሰው ቤታቸው የገቡትን ዘርትሁንን ደጃፋቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኟቸው። ይርዳውን አይተው ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ሆኖም «እዚያው አጥሩ ጋ ይቀመጥ» አሉ። ስንዱ ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አዛዥ መንበሩ ራሱ ቢመጣ ሊያዩት ይችላሉ?»

«ዓይኑን ማየት አልፈልግም።»

«እንግዲያው ይቅር፤ አልጽፈውም» ብላ ልትነሣ ስትል ዘርትሁን ክንዷን ያዙ።

«ቆይ። ቦታውን ይነግረኛል?»

«ላይነግርዎት ይችላል። ሊዋሽም ይችላል። እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው። መሐል ላይ ካስጠላዎት ግን ይበቃል ይበሉ፤ ያኔውኑ ያበቃል።»

«ማቀፍ አለብኝ?»

«የለብዎትም።»

«ይቅር ማለትስ?»

«እሱም የለብዎትም።»

ሴትዮዋ ሰፌዱን ወዘወዝ አደረጉ፤ ጠጠር ለቅመው ጣሉ። «በይ ጻፊው» አሉ በመጨረሻ። «ብቻ እሱ ወደ እኔ ይምጣ። እኔ ወደ ዱካቸው አልመለስም።»

ስንዱ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የታማሚው ስም፦ አዛዥ መንበሩ፣ የታችኛው ሸለቆ ገዥ። ሕመሙ፦ የተጠየቀውን አለመመለስ። ምልክቱ፦ በባለቤቱ ላይ አይታይም፤ በወኪሉ ላይ ይታያል። የሚላክበት ቦታ፦ የወይዘሮ ዘርትሁን ቤት። መቀመጫው፦ ዱካ።» አቧራውን እፍ ብላ «ጥሬ ነው» የሚለውን ማኅተም አተመችበት። ለይርዳው ሰጠችው። እሱም አጣጥፎ ይዞት ሄደ።

መሸኛው ይቅርታ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሦስት ቀን ተከራከሩ።

«አዛዥ ሊታመም ይችላል ወይ? መጀመሪያ እሱ ይታይ» አለ አንዱ።

«አዛዥ አይታመምም፤ ይደክመዋል እንጂ» አለ ሁለተኛው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ተብሏል። አዛዥም የንጉሥ እጅ ነው» አለ ሦስተኛው።

«ይህ ክስ አይደለም፤ ሕክምና ነው» አለ የመጀመሪያው መልሶ። «ንጉሥ አይታከም የሚል ተረት አለ?»

ፈለጉ። አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊቀ ዕርቅ ጎሹ ፊቱ በራ፤ «ወኪል ይላካ!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሁሉም ዞሮ በር አጠገብ የቆመውን ይርዳውን ተመለከተ።

«ጌታዬ፣ እኔ ቦታውን አላውቅም» አለ ይርዳው።

«ማወቅ የወኪል ሥራ አይደለም!»

«ሴትዮዋ የሚፈልጉት ግን እሱን ብቻ ነው። አልቅስ ካላችሁኝ አለቅሳለሁ። ተሸከም ካላችሁኝ እሸከማለሁ። ቦታውን ከየት ላምጣው?»

ከዚህ በፊት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ያለ እንባ ተሰምቶ አያውቅም። ጭብጨባው ቆመ፤ ነገሩም ወደ ንጉሡ ተላለፈ። ንጉሡ ለበዓል የሚለብሰውን ካባ እየለካ ነበርና መስተዋቱን እያየ ሰማቸው። «ማቀፍ ነው አይደል? ይሂድ፤ ምን ይጎዳዋል?» አለ። ስለ አራት መቶ ይቅርታ ሲነገረው ኖሮ፣ አንዱም ይቅርታ ማንንም ጎድቶ አያውቅምና።

አዛዥ መንበሩ ሐሙስ ጠዋት መጣ። ሃያ አጃቢ፣ አንድ ጥላ ያዥ፣ አንድ ትራስ ተሸካሚ አስከትሏል። ስንዱ ደጃፉ ላይ ቆማ «መሸኛው የሚለው ዱካ ነው» ብላ ትራሱን መለሰችው። አዛዡ ዱካው ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ደረቱን ነካ። ይርዳው አጥሩ ጋ ቆሟል፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከወከላቸው ሹማምንት አንዱን በቅርብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ፊቱ ቀላ ያለ፣ ደህና የሚበላ ሰው ፊት ነበር።

አዛዡ ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረ። «በተፈጠረው ነገር...»

«እሱን ሰምቼዋለሁ» አሉ ዘርትሁን። «ያ ሰውዬ ካንተ አሳምሮ ይለዋል።» ወደ ይርዳው ጠቆሙ። «ገላው የት ነው?»

አዛዡ ወረቀቱን ገልብጦ አየ፤ ጀርባው ባዶ ነው። «ገላው ማን ነው?»

ከደጁ የተሰበሰበው ሰው ጉርምርም አለ። ዘርትሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ገለጡ። «ልጄ ነው። ውሃችን የት ሄደ ብሎ የጠየቀህ።»

«እ...» አለ አዛዡ። ሊያስታውስ ሲታገል ግንባሩ አላበው። «አራት ነበሩ መሰለኝ። አንሡልኝ አልኩ፤ ተነሡ።»

«ወዴት ተወሰዱ?»

«አልጠየቅሁም።»

«አሥር ዓመት ሙሉ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁም።»

ይርዳው ከአጥሩ ሥር አዛዡን አየው። እስከዚያች ቀን ድረስ ከኋላው አንድ የሚያውቅ ሰው አለ ብሎ ያምን ነበር፤ ጨካኝም ቢሆን የሚያውቅ ሰው። ለካ የወከለው ባዶ ነው።

ያኔ ከአዛዡ ጀርባ ጥላ የያዘው ሽማግሌ ወታደር፣ ባሻ ቸሬ፣ ጥላውን ዘቅዝቆ መሬት ላይ አስቀመጠው። ፀሐይዋ የአዛዡ ራስ ላይ ወረደች።

«ከኖራ ጉድጓዱ በላይ ነው» አለ ባሻ ቸሬ፣ ለአዛዡ ሳይሆን ለዘርትሁን። «ለብቻው ከቆመው ድንጋይ አጠገብ። አራቱም አብረው ናቸው። አፈር አልብሻቸዋለሁ፤ አውሬ አልነካቸውም።»

«አንተ!» አለ አዛዡ።

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?» አሉት ዘርትሁን። ድምፃቸው አልጮኸም።

«ፈራሁ። ኋላ ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ተሾመ ሲባል ሰማሁ፤ የሚናገር ግን አልተሾመም። የሚጠይቀኝም አልመጣም።»

«ይበቃል! ይበቃል!» አለ አዛዡ ከዱካው ለመነሣት እየታገለ።

«ይበቃል የማለት መብት የእርሳቸው ነው» አለች ስንዱ።

ዘርትሁን ወደ ባሻ ቸሬ ተጠጉ። «አልበቃም» አሉ። «ምራኝ።»

ቁፋሮው ሁለት ቀን ፈጀ፤ የኖራ መሬት ድንጋይ ነው። የሌሎቹም ዘመዶች ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ። ይርዳው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲቆፍር ዋለ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አዋጅ ነጋሪ ዳገቱን ወጥቶ መጣና ወረቀቱን ዘርግቶ ጮኸ፦ «ከዛሬ ጀምሮ መሸኛ ከታች ወደ ላይ እንዳይጻፍ! አድማጯ ስንዱ ከሥራዋ ተሽራለች፤ ማኅተሟን ታስረክብ!»

ስንዱ አፈር በቁና ተሸክማ ነበር። ቀና ሳትል «መስኮቴ ላይ ነው፤ ሂድና ውሰደው» አለችው።

ነጋሪው ሌላ የሚያነበው አልነበረውም። ላብ አጥምቆታልና ውሃ ለመነ፤ ሰጡት። ጠጥቶ ጉድጓዱን አየ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ባሻ ቸሬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «አጎቴ የተወሰደው ከላይኛው ገበያ ነው። ስለዚያ የሚያውቅ ሰው ታውቃለህ?» አለው።

ይርዳው ዶማውን አስቀምጦ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ወደተቀመጡት ዘርትሁን ቀረበ። «እማማ፣ እኔም አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።»

«ምን?»

«ሳላደርገው እኔ ነኝ ብዬ ዋሸሁዎት። ልጅዎ ያለበትን የማውቅ እንዲመስልዎት አደረግሁ። ለዚያች ደቂቃ ተስፋ ሰጥቼ ነጠቅሁዎት።»

ሴትዮዋ ነጭ አቧራ የለበሰ ፊቱን አዩት። «እሱን ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። «በል ቆፍር፤ ፀሐይ ሳትበረታ።»

ከቀትር በፊት ደረሱባቸው። ባሻ ቸሬ እንዳለው አራቱም ጎን ለጎን ነበሩ። ዘርትሁን ወርደው በጉልበታቸው ሄዱ፤ ሦስተኛው ወገብ ላይ የዛገውን የገላውን የቀበቶ ዘለበት አገኙ። በመዳፋቸው አቧራውን ጠረጉት። ከዚያ የአሥር ዓመቱ ለቅሶ ወጣ፤ ማንም አልቆጠረውም፤ ማንም አላስቆመውም።

ለቅሶው ጋብ ሲል የይቅርታ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ቆሞ ተገኘ። መቼ እንደመጣ ማንም አላየም። አንገቱን ደፍቶ፦

«እማማ፣ ታዝዤ ነው፤ መዝገቡ መዘጋት አለበት» አለ። «ይቅር ብለዋል ወይስ አላሉም ብዬ ልጻፍ?»

«ቀብር ላይ ነኝ» አሉ ዘርትሁን። «ስሙን ጻፍ።»

«የማንን?»

«የልጄን። ገላው ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። የቀኑ ቦታ አለ። የበዳይ ማዕረግ ቦታ አለ። የወኪል ቦታ አለ፤ የመተቃቀፍ ቦታ አለ። ገጹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ፈለገ። «የሟች ስም ቦታ የለውም» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ፈልግለት።»

ጸሐፊው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አደረገና በገጹ ጠርዝ፣ ባዶው ላይ፣ ጻፈ። ከኋላ አንዲት ሴት መጣች። «የእኔ ጣሰው ነው» አለች። ጻፈ። አንድ ሰውዬ «ወንድሜ ሽታሁን» አለ። ጻፈ።

አራተኛው ላይ ማንም አልመጣም። ሰው ሁሉ ተያየ።

«እሱ የዚህ አገር ሰው አልነበረም» አለ ባሻ ቸሬ። «ጨው ጭኖ የሚያልፍ መንገደኛ ነው፤ ገበያው ውስጥ ቆሞ ስለተገኘ ነው የተወሰደው። እዚህ ስንደርስ ስሙን ነገረኝ። ሦስት ጊዜ ነገረኝ፤ እንዳልረሳው ብሎ።»

«ስሜ ማን ነው አለህ?» አለው ይርዳው።

«ኑረዲን። ኑረዲን ዓሊ።»

ጸሐፊው ብዕሩን ነከረ፤ ጠርዙ ላይ ቦታ ጠቦት ነበርና መዝገቡን አዘነበለው። «እንደገና በልልኝ» አለ፤ «አጣርቼ ልጻፈው።»